ከቱሉዝ እስከ ሰት፦ የላንግዶክ ንጉሣዊ ቦይ ታሪክ

ዛሬ ካናል ዱ ሚዲ እየተባለ የሚጠራው የላንግዶክ ንጉሣዊ ቦይ በደቡብ ፈረንሳይ የቱሉዝን ከተማ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ካለችው የሰት ወደብ ጋር የሚያገናኝ ሰው ሠራሽ የጀልባ መንገድ ነው። ሥራው በ1667 ተጀምሮ በ1681 ለጉዞ ተከፈተ፤ እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቦዩ ከቱሉዝ ተነሥቶ ከባሕሩ ጋር የተያያዘው የቶ ሐይቅ ውስጥ እስኪገባ ድረስ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሰት የምትገኘው ከሐይቁ ማዶ ነው። ቱሉዝ ደግሞ የጋሮን ወንዝ ዳር ከተማ ናት። ወንዙ በቦርዶ በኩል አልፎ አትላንቲክ ውቅያኖስ ስለሚገባ፣ ሁለቱን ከተሞች ያገናኘው ቦይ ሁለቱን ባሕሮች አገናኘ ማለት ነው።

የፈረንሳይ ነገሥታት ይህን መንገድ ለረጅም ጊዜ ሲመኙት ኖረዋል። ከቦርዶ ወደ ማርሴይ በባሕር የሚላክ ዕቃ የስፔንን ምድር ዞሮ በጅብራልታር መግባት ነበረበት። ይህ ወደ 3,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዙር ነው፤ በመንገዱ ማዕበል አለ፣ የባሕር ወንበዴ አለ፣ በጦርነት ጊዜ ደግሞ የስፔን መርከቦች አሉ። በቀዳማዊ ፍራንሷ፣ በቻርልስ 9ኛና በሄንሪ 4ኛ ዘመን ባለሙያዎች አገሩን ተዘዋውረው አይተዋል፤ ዕቅድም ቀርቧል። ሁሉም የቆሙት አንድ ቦታ ላይ ነበር።

ያ ቦታ ኖሩዝ ይባላል። ከቱሉዝ በስተደቡብ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ መሬቱ ቀስ እያለ ከፍ ይልና ከባሕር ጠለል በላይ 189 ሜትር ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ሜዲትራኒያን ያዘቀዝቃል። ከኖሩዝ በስተምዕራብ የሚወርድ ዝናብ ወደ አትላንቲክ፣ በስተምሥራቅ የሚወርደው ወደ ሜዲትራኒያን ይሄዳል። ቦይ መቆፈር ጉልበትና ገንዘብ ካለ የማይቻል ሥራ አይደለም። ጀልባን ሽቅብ ማውጣትና ቁልቁል ማውረድም ጣሊያኖች አስቀድመው ያወቁት ጥበብ ነበር። ጭንቁ ውሃው ነው። አንድ ጀልባ ጉብታውን ተሻግሮ ባለፈ ቁጥር ከጫፉ ላይ ብዙ ውሃ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወርዳል። የወረደውን የሚተካ ወንዝ ግን በኖሩዝ አጠገብ የለም። በላንግዶክ በጋ፣ ምንጩ ሁሉ በሚደርቅበት ወር፣ የቦዩን ጫፍ በምን መሙላት ይቻላል? ከነገሥታቱ ባለሙያዎች መካከል ይህን ጥያቄ የመለሰ አልነበረም።

መልሱን ያመጣው መሐንዲስ አልነበረም። ፒየር ፖል ሪኬ የቤዚየ ከተማ ተወላጅ፣ በላንግዶክ የንጉሡን የጨው ግብር በኮንትራት ይዞ የሚሰበስብ ባለሀብት ነበር። የጨው ግብር ሕዝቡ አምርሮ የሚጠላው ግብር ነው፤ ሰብሳቢውም ከዚያ ጥላቻ አያመልጥም። ሥራው ግን ሪኬን አገር ለአገር አዙሮታል፤ የትኛው ሸለቆ ክረምት ከበጋ ውሃ እንዳለው፣ የትኛው መንገድ በጭቃ እንደሚዘጋ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ከኖሩዝ በስተሰሜን የሚታየው ሞንታኝ ኗር፣ ማለትም ጥቁር ተራራ፣ ዝናብ የማይለየው በደን የተሸፈነ ደጋ ነው። የተራራው ጅረቶች በየአቅጣጫው ይፈስሳሉ እንጂ አንዳቸውም ወደ ኖሩዝ አይደርሱም። የሪኬ ሐሳብ እነዚህን ጅረቶች ከላይ ሳሉ በመጋቢ ቦይ ጠልፎ፣ ዳገቱን በቀስታ እያዞረ፣ ኖሩዝ ጫፍ ላይ ማድረስ ነበር። በዚህ ሥራ የረዳው ፒየር ካምማ የተባለ የረቨል ከተማ ሰው ነው። ካምማ የከተማዋን የውሃ መስመሮች የሚጠብቅ፣ የተራራውን ውሃ ከነጠባዩ የሚያውቅ ባለሙያ ነበር።

በኅዳር ወር 1662 ሪኬ ሐሳቡን በደብዳቤ ለዣን ባቲስት ኮልቤር አቀረበ። ኮልቤር የሉዊ 14ኛን የገንዘብና የንግድ ጉዳይ በእጁ የያዘ ሰው ነበር። የደብዳቤው ጸሐፊ ላቲንም ሆነ ሒሳብ በትምህርት ቤት በደንብ ያልተማረ፣ ዕድሜውም ከሃምሳ ያለፈ ግብር ሰብሳቢ ቢሆንም፣ ኮልቤር ነገሩን ገፋ አላደረገውም። የንጉሡና የላንግዶክ ሸንጎ መልእክተኞች ያሉበት ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ1664 አገሩን መረመረ። የኮሚሽኑ ውሳኔ ጥንቃቄ የተሞላበት ነበር፦ ውሃው በእርግጥ ኖሩዝ ይደርስ እንደሆነ አስቀድሞ በትንሽ ቦይ ይሞከር አለ። ሪኬ ሙከራውን በራሱ ገንዘብ ለመሥራት ተስማማ። በ1665 ከተራራው ሥር ከሶር ወንዝ የተጠለፈው ውሃ በጠባቡ የሙከራ ቦይ ተጉዞ ኖሩዝ ደረሰ። ከዚያች ቀን በኋላ ክርክሩ ስለ ወጪው ሆነ እንጂ ይቻላል አይቻልም የሚለው አበቃ።

ሉዊ 14ኛ የቦዩን ዐዋጅ ያወጣው በጥቅምት 1666 ነው። የዐዋጁ አወቃቀር ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ ቦዩ የንጉሥ ሥራ የተባለበትን ያህል የንጉሡ ካዝና ብቻውን አልሠራውም። ወጪውን በዋናነት የተሸከሙት የንጉሡ ግምጃ ቤትና የላንግዶክ ሸንጎ ሲሆኑ፣ ከአምስት አንድ እጅ ያህሉን ሪኬ ከራሱ ሀብትና ከብድር አወጣ። በምላሹም ቦዩ ለእርሱና ለልጅ ልጆቹ እንደ ርስት ተሰጠ፤ በቦዩ የሚያልፍ ዕቃ የሚከፍለው ቀረጥ የቤተሰቡ እንዲሆን፣ ጥገናውም የቤተሰቡ ግዴታ እንዲሆን ተደነገገ። ሥራው ሲያልቅ ጠቅላላ ወጪው ከ15 ሚሊዮን ሊቭር በላይ ደርሶ ነበር። ከዚህ ገንዘብ ብዙው የመነጨው ከጨው ግብር ነው። ግብሩ እንደ አዲስ በተጫነበት በሩሲዮን ተራሮች ሕዝቡ መሣሪያ አንሥቶ ከሪኬ ዘበኞች ጋር ለዓመታት ተዋግቷል። የቦዩን ታሪክ የሚያነብ ሰው ይህን መርሳት የለበትም፤ የቦዩን ዋጋ ጀልባ አይተው የማያውቁ የተራራ ገበሬዎች ጭምር ከፍለዋል።

ሥራው የተጀመረው ከውሃው ነው። የሳን ፌሬዮል ግድብ የመሠረት ድንጋይ ሚያዝያ 1667 ሎዶ በተባለው ጅረት ሸለቆ ውስጥ ተጣለ። የንጉሡ የምሽግ ሥራዎች የበላይ የነበረው ሼቫሊዬ ደ ክለርቪል የዕቅዱን ቅርጽ ተቆጣጥሯል፤ ሪኬ በብዙ ትናንሽ ኩሬዎች አስቦት የነበረው ማጠራቀሚያ በአንድ ትልቅ ግድብ የተተካውም በዚህ ደረጃ ነው። ግድቡ የተሠራው ሸለቆውን ከዳር እስከ ዳር በሚያቋርጡ ሦስት የድንጋይ ግንቦች ነው፤ በግንቦቹ መካከል ያለው ክፍተት በአፈርና በድንጋይ ተሞልቶ ተደልድሏል። ርዝመቱ 780 ሜትር ገደማ፣ ከፍታው ከ30 ሜትር በላይ ነው፤ ከ6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይይዛል። በዘመኑ በአውሮፓ ይህን የሚያህል ግድብ አልነበረም። ወደ ግድቡ ሆድ በሚገባው ረጅም ቅስት ዋሻ መጨረሻ ላይ ትላልቅ የነሐስ ቧንቧ መዝጊያዎች ተተክለዋል። ጠባቂው እነርሱን እያዞረ የክረምቱን ውሃ ለበጋው በልክ ይለቅ ነበር።

ያ ሁሉ አፈር የተጓጓዘው በሰው ጉልበት ነው፤ አብዛኛውን በቅርጫት ተሸክመው ያመላለሱት ሴቶች ናቸው። በጠቅላላው የቦይ ሥራ ላይ በአንድ ጊዜ እስከ 12,000 የሚደርስ ሠራተኛ ተሰማርቷል። ሪኬ ገበሬዎችን ከእርሻቸው ስቦ ለማቆየት በዘመኑ ያልተለመደ የአከፋፈል ሥርዓት አመጣ፦ ሠራተኛው በወር 10 ሊቭር ያገኛል፤ ዝናብ ሥራ ያስፈታበት ቀን፣ እሑድና በዓል፣ የታመመበትም ቀን ከደመወዙ አይቀነስም። የአካባቢው ባለርስቶች የቀን ሠራተኛ ተወደደብን ብለው አጉረመረሙ። የሴቶቹ ክፍያ ግን ከወንዶቹ ያነሰ ነበር። የሴቶቹ ድርሻ ቅርጫት በመሸከም ብቻ አላበቃም። አሜሪካዊቷ የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ ቻንድራ ሙከርጂ ስለ ቦዩ በጻፉት መጽሐፍ፣ ከፒሬኔ ተራሮች የመጡ ሴቶች በየመንደራቸው ውሃ የመጥለፍና የማስኬድ ልማድ ይዘው እንደመጡ፣ ይህም እውቀት ለሥራው እንደረዳ ያስረዳሉ። ለዘመናት የአንድ ሰው ሊቅነት ተደርጎ ሲነገር የኖረውን ታሪክ ይህ ጥናት በእጅጉ አስፍቶታል።

ከቱሉዝ እስከ ኖሩዝ ቦዩ ከ50 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከኖሩዝ እስከ ባሕሩ 189 ሜትር ይወርዳል። ይህ የሚቻለው በየቦታው በተሠሩት የውሃ እርከኖች ነው። የውሃ እርከን ከፊትና ከኋላ በር ያለው የግንብ ገንዳ ነው። ሽቅብ የሚሄድ ጀልባ ወደ ገንዳው ይገባል፤ የኋላው በር ይዘጋል። በላይኛው በር ላይ ያለው ትንሽ መስኮት ሲከፈት ውሃ ይወርዳል፤ ጀልባው ከውሃው ጋር አብሮ ይነሣል። የገንዳው ውሃ ከላይኛው ቦይ ጋር እኩል ሲሆን የፊቱ በር ይከፈትና ፈረሱ ጀልባውን በገመድ እየጎተተ ጉዞው ይቀጥላል። ከቱሉዝ እስከ ቶ ሐይቅ ድረስ እንዲህ ያሉ 63 ማለፊያዎች አሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ሁለትና ከዚያ በላይ ገንዳ የተቀጣጠለባቸው ናቸው። መጀመሪያ የተሠሩት ቀጥ ያለ ግድግዳ ነበራቸው፤ ገንዳው ባዶ ሲሆን የጎኑ አፈር ገፍቶ ግድግዳ ጣለ። ከዚያ በኋላ ሪኬ የገንዳውን ጎኖች ወደ ውጭ አጎበጣቸው። የጎበጠ ግድግዳ የአፈሩን ግፊት እንደተጋደመ ቅስት ይቋቋመዋል። የካናል ዱ ሚዲ እንቁላል ቅርጽ ያላቸው ገንዳዎች በውበታቸው ቢደነቁም የተወለዱት ከዚያ ውድቀት ነው። አግድ በተባለችው ከተማ ያለው ደግሞ ክብ ነው፤ ሦስት በሮች ስላሉት ጀልባ ውስጡ ዞሮ ወደ ኤሮ ወንዝ መታጠፍ ይችላል።

ቦዩ ወንዝ ሲያጋጥመው በመጀመሪያው ዕቅድ በአብዛኛው በወንዙ ውስጥ ያልፍ ነበር፤ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ደለል ይሞላዋል፣ ጉዞ ይቆማል። በረፑድር ጅረት ላይ ግን ሪኬ ቦዩን ራሱን በድልድይ አሻገረው፤ በ1676 የተጠናቀቀው ይህ ድልድይ ጀልባ ከሚያልፍባቸው የውሃ ድልድዮች ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው። የካርካሶን ከተማ የተጠየቀችውን መዋጮ አልከፍልም ስላለች ቦዩ ርቋት ሄደ። ስህተቷ የገባት ዘግይቶ ነው፤ ቦዩ ወደ ከተማዋ ተጠምዝዞ ወደቧ የተከፈተው በ1810 ነበር።

ወደ ቤዚየ ሲጠጉ ደግሞ የኢንሴሩን ኮረብታ መንገዱን ዘጋ። ድንጋዩ የሚፈረፈር አሸዋማ ድንጋይ በመሆኑ ዋሻ ሊሠራበት አይችልም የሚሉ በዙ፤ የሪኬ ተቃዋሚዎች ቦዩ ከተራራ ጋር ሊጋጭ ነው እያሉ ወሬውን እስከ ኮልቤር አደረሱት። ሪኬ ቁፋሮውን አላቆመም። በ1679 ኮረብታው ተበስቶ 165 ሜትር ገደማ የሚረዝመው የማልፓስ ዋሻ ወጣ። ለቦይ ጉዞ ከተሠሩ ዋሻዎች የመጀመሪያው እርሱ ነው። በዚያው ኮረብታ ሆድ ውስጥ ከቦዩ ዝቅ ብሎ የሞንታዲን ረግረግ ለማድረቅ በ13ኛው መቶ ዘመን የተቆፈረ የውሃ መውረጃ ዋሻ አለ፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ የባቡር ዋሻ ተጨመረበት። ከኮረብታው አናት ላይ ከሮማውያን በፊት የነበረ ከተማ ፍርስራሽ ይገኛል። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሰዎች በዚህች አንዲት ኮረብታ ላይና ውስጥ ሲሠሩ መኖራቸውን የሚያሳይ እንዲህ ያለ ቦታ በአውሮፓ ብዙ አይገኝም።

ከማልፓስ ቀጥሎ ፎንስራን ነው። ቦዩ ከአርጀንስ ጀምሮ 54 ኪሎ ሜትር ያህል አንድም እርከን ሳይኖረው የኮረብታዎቹን ወገብ ይዞ ከተጓዘ በኋላ፣ ቤዚየ ፊት ለፊት ሲደርስ በአንድ ጊዜ 21 ሜትር ተኩል ወደ ኦርብ ወንዝ መውረድ አለበት። ስለዚህ ስምንት ገንዳዎች ከዘጠኝ በሮች ጋር በተከታታይ በዐለት ላይ ተሠሩ። ለሪኬ ይህ ሥራ የትውልድ ከተማው መግቢያ ነበር።

የቦዩን መከፈት ግን አላየም። ጥቅምት 1 ቀን 1680 በቱሉዝ ሞተ፤ ሊጠናቀቅ የቀረው ጥቂት ነበር። የመጨረሻዎቹ ዓመታት መራራ ሆነውበታል። ኮልቤር ገንዘብ ሰረቀ ብሎ ጠርጥሮት ደ ላ ፈዩ የተባለ ተቆጣጣሪ ልኮበት ነበር፤ የተፈቀደው ገንዘብ ይዘገያል፣ አበዳሪዎች ይጎተጉታሉ። ለልጆቹ ከ2 ሚሊዮን ሊቭር በላይ ዕዳ ትቶላቸዋል። ቤተሰቡ ከዕዳ ወጥቶ ከቦዩ ትርፍ ማግኘት የጀመረው በ1724 ነው፤ ከመከፈቱ አርባ ሦስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሥራውን የጨረሰው ልጁ ዣን ማትያስ ነበር። በግንቦት 1681 የንጉሡ ሹማምንትና የላንግዶክ ጳጳሳት ያሉበት የጀልባ ሰልፍ ከቱሉዝ ተነሥቶ ቦዩን መረቀ።

መከፈቱ የሥራው ፍጻሜ አልሆነም። በ1686 የፈረንሳይ ታላቁ የምሽግ መሐንዲስ ቮባን ቦዩን መረመረ፤ ሥራውን አደነቀ፣ ድክመቱንም ለየ። በየጅረቱ የሚገባው ደለል ቦዩን እየሞላው ነበር። በእርሱ ዕቅድ መሠረት መሐንዲሱ አንትዋን ኒኬ በደርዘን የሚቆጠሩ የውሃ ድልድዮችንና ከቦዩ ሥር የሚያልፉ የጎርፍ መተላለፊያዎችን ሠራ፤ ሥራው እስከ 1694 ቆየ። ያለዚህ እርማት ቦዩ ብዙ ዓመት ባልቆየ ነበር። ሪኬን ብቻ የሚያወድሱ ጽሑፎች የቮባንን ድርሻ ማሳነሳቸው ተገቢ አይደለም። የኦርብ ወንዝ መሻገሪያ ግን እስከ 1858 ድረስ አስቸጋሪ ሆኖ ቆየ፤ ያን ጊዜ ትልቁ የውሃ ድልድይ ሲሠራ ጀልባዎች ወደ ወንዙ መውረዳቸው ቀረ፣ የፎንስራንም የመጨረሻ ገንዳ ከአገልግሎት ወጣ።

ንጉሡ ያሰበው የሁለት ባሕሮች ታላቅ መንገድ ግን በታሰበው ልክ አልሆነም። የባሕር መርከብ ለቦዩ ይገዝፋል፤ ከቱሉዝ በታች ያለው ጋሮንም በበጋ ይጎድላል፣ በክረምት ይሞላል። ጋሮንን ተከትሎ የሚሄደው ቦይ ተሠርቶ መስመሩ የተሟላው በ1856 ነው። ካናል ዱ ሚዲ የጠቀመው ከሁሉ በላይ ላንግዶክን ራሱን ነው። የሎራጌ ሜዳ ስንዴ ወደ ምሥራቅ፣ የባሕር ዳሩ ወይን፣ ዘይትና ሳሙና ወደ ምዕራብ ተጓዘ፤ በአንዱ ወረዳ ምርት ሲጎድል ከሌላው መሙላት ተቻለ። ለመንገደኞች የፖስታ ጀልባ ነበር፤ ፈረሶቹ በየአሥር ኪሎ ሜትሩ ይለወጣሉ፣ ጉዞው አራት ቀን ያህል ይፈጃል። በ1787 በፓሪስ የአሜሪካ አምባሳደር የነበረው ቶማስ ጀፈርሰን ሠረገላውን ጀልባ ላይ አስጭኖ በዚህ ቦይ ተጉዟል። ለአገሩ ቦዮች ትምህርት ይሆናል ብሎም አሠራሩን በጥንቃቄ መዝግቧል።

የፈረንሳይ አብዮት ንጉሣዊ የሚለውን ስም አስቀርቶ ካናል ዱ ሚዲ አለው፤ ከሪኬ ተወላጆች መካከል የተሰደዱትን ድርሻ መንግሥት ወረሰ። የጭነቱና የመንገደኛው ቁጥር ከፍተኛ የሆነው በ1850ዎቹ አጋማሽ ነው፤ በዓመት ወደ 100,000 የሚጠጋ መንገደኛ ያጓጉዝ ነበር። በ1857 የቦርዶና የሰት ባቡር መስመር ተከፈተ። በቀጣዩ ዓመት መንግሥት ቦዩን ለአርባ ዓመት ያከራየው ለዚያው ለባቡሩ ኩባንያ ነው። ኩባንያው የቦዩን ቀረጥ ከፍ አድርጎ ጭነቱን ወደ ባቡሩ ሳበ። ባቡር መምጣቱ አይቀርም ነበር፤ ቦዩን ለተቀናቃኙ አሳልፎ መስጠት ግን በሰው ውሳኔ የመጣ ጥፋት ነው። የኪራዩ ዘመን ሲያልቅ መንግሥት ቦዩን ተረክቦ ቀረጡን ቢያነሣም የሄደው ጭነት አልተመለሰም። በ20ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የጭነት ጀልባዎቹ እየጠፉ የሽርሽር ጀልባዎች ተተኩ። በ1996 ዩኔስኮ ቦዩን ከነቅርንጫፎቹና ከ328 ግንባታዎቹ ጋር በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

በአሁኑ ጊዜ ትልቁ አደጋ በዳርቻው ዛፎች ላይ የደረሰው ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን በሁለቱም ዳር የተተከሉት ፕላታን የሚባሉ ዛፎች ቁጥራቸው ወደ 42,000 ይደርስ ነበር። ሥራቸው አፈሩን ይይዛል፣ ጥላቸው የውሃውን ትነት ይቀንሳል። በ2006 የዛፉን ግንድ ከውስጥ የሚገድል ፈንገስ በቦዩ ዳር ተገኘ። በሽታው በውሃው፣ በጀልባ ገመድና በሥር ንክኪ ይተላለፋል፤ መድኃኒት ስላልተገኘለት የታመመውና በአጠገቡ ያለው ዛፍ ተቆርጦ ይቃጠላል። እስካሁን በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ዛፎች ተወግደዋል። ቦዩን የሚያስተዳድረው የፈረንሳይ የውሃ መንገዶች መሥሪያ ቤት በቦታቸው የቱርክ ኦክን ጨምሮ የተለያየ ዝርያ ያላቸውን ችግኞች በማፈራረቅ እየተከለ ነው፤ አንድ በሽታ ዳርቻውን በሙሉ ዳግመኛ እንዳያራቁተው።